የመላጫ ካርትሪጅ ችግርና መፍትሄ፦ የምላጭ ድጋፍና የውሃ መንገድ

ብዙ ምላጭ ያለው ካርትሪጅ ሲነደፍ ሁለት ቅሬታዎች እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ምላጩ ይንቀጠቀጣል ሲባል ከጀርባው ድጋፍ ይጨመራል፤ ድጋፉ ሲጨመር ፀጉርና አረፋ ተሰንቅሮ ይቀራል። ከዚያ ድጋፉ ይቀነስና ነገሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ከዚህ አዙሪት መውጣት የሚቻለው የትኛው ክፍል የትኛውን የውሃ መንገድ እንደሚዘጋ በቁጥር ሲታወቅ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው መጀመሪያ በሚጠረጠረው የጀርባ ድልድይ ላይ አይደለም።

ከዚህ በታች ስለት የምንለው የምላጩን የሚቆርጥ ጫፍ ነው፤ የተቃራኒው ጫፍ ጭራ ነው። መቀመጫ ምላጩ በሌዘር የሚበየድበት ዘንበል ያለ ስስ ብረት ሲሆን፣ ወደ ታች ታጥፎ በፕላስቲኩ ቦይ ውስጥ የሚገባው ክፍሉ እግር ነው። ድልድይ ከካርትሪጁ ጀርባ ከፊት ወደ ኋላ ተሻግሮ እግሮቹን ከሥር የሚይዘው ፕላስቲክ ነው። ርቀት ስንል ከአንዱ ስለት እስከ ቀጣዩ ስለት ያለውን፣ ማዘንበያ ስንል ደግሞ ምላጩ ከቆዳው ገጽ ጋር የሚሠራውን አንግል ማለታችን ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዝ። የስስ ብረት ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር ይሄዳል፤ ምላጩን ከ0.1 ወደ 0.075 ሚሜ ማሳሳት ግትርነቱን ወደ 42 በመቶ ያወርደዋል። በጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚያልፍ ውሃም እንዲሁ ነው፤ ፍሰቱ በግምት ከክፍተቱ ስፋት ኩብ ጋር ስለሚሄድ 0.5 ሚሜ የነበረው ክፍተት 0.6 ሲሆን ፍሰቱ ከ1.7 እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ከትክክለኛው ቦታ የተነሳ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ትልቅ ነገር ነው፤ ከተሳሳተ ቦታ ከተነሳ ግን ሁለቱንም ያሳጣል።

ምልክት፦ ከታጠበም በኋላ ፀጉርና አረፋ ውስጥ ይቀራል

ካርትሪጁን ሳያደርቁ 20 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሥር ያስቀምጡና ቆሻሻው የት እንደቆመ ይዩ። ሊቆም የሚችልባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ መፍትሄያቸውም ለየቅል ነው።

አንደኛውና ዋናው በምላጮቹ መካከል፣ ከስለቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ነው። ምላጮቹ ስላዘነበሉ የአንዱ ጭራ ከኋላው ባለው ምላጭ ስለት ሥር ይገባል። በተደራረቡበት ቦታ ያለው ክፍተት ከላይ ሲታይ የሚመስለውን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ልኩ ርቀቱ በማዘንበያው ሳይን ተባዝቶ የምላጩ ውፍረት ሲቀነስለት የሚገኘው ነው። ርቀቱ 1.05 ሚሜ፣ ማዘንበያው 22 ዲግሪ፣ ውፍረቱ 0.1 ሚሜ ይሁን፦ 1.05 በ0.375 ሲባዛ 0.39፣ ከዚያ 0.1 ሲቀነስ 0.29 ሚሜ። ከቆዳው በኩል አንድ ሚሊ ሜትር የሚያህል የሚመስለው በር ውስጡ ሲገባ ሲሶውም አይሞላም። 0.2 ሚሜ የሚወፍረው መቀመጫ እስከዚያ ድረስ በምላጩ ሥር ተዘርግቶ ከሆነ ደግሞ የሚቀረው 0.09 ሚሜ ነው። አንድ የጢም ፀጉር ውፍረቱ 0.1 ሚሜ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ እዚያ ይቆማል፤ ከኋላው የሚመጣው አረፋም በእሱ ላይ ይከማቻል።

መደራረቡ የሚጀምረው የምላጩ ስፋት፣ ከስለት እስከ ጭራ ሲለካ፣ ርቀቱ በማዘንበያው ኮሳይን ተባዝቶ ከሚገኘው ሲበልጥ ነው። በያዝነው ምሳሌ 1.05 በ0.927 ሲባዛ 0.97 ሚሜ ይመጣል። 2 ሚሜ ስፋት ያለው ምላጭ ከ1 ሚሜ በላይ የሚረዝም ጠባብ ዋሻ ይፈጥራል፤ 1.3 ሚሜ የሆነው ግን 0.33 ሚሜ ብቻ። እርማቱን በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ፦

1. ምላጩን ከጭራው በኩል ያሳጥሩ። ገደቡ የብየዳው ነጥብ ነው፤ ከነጥቡ ዙሪያ በቂ ብረት ካልቀረ ብየዳው ይላቀቃል።
2. ምላጭና መቀመጫ ሁለት ብረት መሆናቸውን ትተው አንዱን ብረት አጥፈው ሁለቱንም ያድርጉት። የ0.2 ሚሜው መቀመጫ ከመንገዱ ይነሳል። ነገር ግን የምላጭ ብረት፣ 13 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለው የሚጠነክር አይዝጌ ብረት፣ ከጠነከረ በኋላ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወይ ከማጠንከሩ በፊት ይታጠፍ፣ ወይም የሚታጠፈው መስመር ብቻ በሙቀት ይለስልስ። የእጥፉን ውጫዊ ገጽ በማይክሮስኮፕ ሳያዩ አይቀበሉ፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ኋላ የዝገት መነሻ ይሆናል።
3. ርቀቱን ያስፉ። 1.25 ሚሜ ሲሆን ክፍተቱ 0.37 ይደርሳል፤ በፍሰት ሲታሰብ ከ0.29 ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ዋጋው ቆዳ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አምስት ምላጭን በተጨናነቀ ርቀት ከማስገባት አራቱን በ1.25 ማድረግ ብዙ ጊዜ ይሻላል።
4. ማዘንበያውን መጨመር የመጨረሻው ይሁን። 25 ዲግሪ ክፍተቱን 0.34 ያደርሰዋል፤ ስለቱ ግን ቆዳን የመፋቅ ጠባይ ይይዛል።

የተቆረጠ ፀጉር የሚገባው ከቆረጠው ስለት ፊት ባለው ክፍተት ነው። ረጅሙን ፀጉር የሚያገኘው የመጀመሪያው ምላጭ ስለሆነ ከፊት ጎማው፣ ማለትም ከምላጮቹ ፊት ካለው ለስላሳ ጎማ፣ እስከ መጀመሪያው ስለት ያለው ክፍተት ከሁሉም መስፋት አለበት፤ ተከታዮቹ የሚቆርጡት አጫጭር ቁራጭ ነው። ሁሉንም ክፍተት እኩል ማድረግ ለሥዕሉ ያምራል እንጂ ለውሃው አይጠቅምም።

ሁለተኛው ቦታ ድልድዩ ነው። ምላጩ 36 ሚሜ ቢረዝም 1 ሚሜ የሚወፍር አንድ ድልድይ ከውሃው መንገድ የሚወስደው ከ3 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ድልድዩን አያውጡ፤ ቅርጹን ያስተካክሉ። ረዘም ያለ ፀጉር ጠፍጣፋና ሹል ጠርዝ ባለው ድልድይ ላይ እግሩን በሁለት በኩል አንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለቱንም ጠርዞች በ0.3 ሚሜ ራዲየስ ያክብቡ፤ በእግሮቹ መካከል ያለውን የድልድዩን ገጽ ከምላጮቹ 1 ሚሜ ያህል ዝቅ ያድርጉት፣ ፀጉሩ ወደ ጎን ተንሸራቶ እንዲወጣ።

ሦስተኛው የእጀታው መያዣ ነው። ውሃው ምላጮቹን አልፎ ከመጣ በኋላ ከጀርባ ሰፊ ግድግዳ ካገኘ ቆሻሻውን እዚያው ያራግፋል። መያዣውን ወደ ሁለቱ ዳር ይክፈሉት ወይም መሐሉን ባዶ ያድርጉት።

ለውጡ መሥራቱን በዓይን ብቻ አይፍረዱ። 2 ግራም የመላጫ ክሬም ከ0.2 ግራም፣ ከ0.5 እስከ 1 ሚሜ ከተቆረጠ ፀጉር ጋር ያዋህዱ። ከፊት በኩል በስፓቱላ ይሙሉት፤ 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ በደቂቃ 4 ሊትር በሚያወርድ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ በሆነ ቧንቧ ሥር ለ10 ሰከንድ ከፊት፣ በሌላ ካርትሪጅ ላይ ደግሞ ከጀርባ ያጠቡ። በ50 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው 0.001 ግራም በሚለይ ሚዛን ከመጀመሪያው ደረቅ ክብደት ጋር ያነጻጽሩ። ማለስለሻ ስትሪፕ የሌለው ካርትሪጅ ይጠቀሙ፤ ስትሪፑ በውሃ እየሟሟ ክብደት ስለሚቀንስ ውጤቱን ያበላሻል። ፕላስቲኩ ከሚቀረጽበት ከአንድ የሞልድ ጉድጓድ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ናሙና ይውሰዱ።

ምልክት፦ ምላጩ ይንቀጠቀጣል፣ ፀጉር ይጎትታል

ምላጩ ደንዝዟል ከማለት በፊት የሚንቀሳቀሰው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለዩ። ካርትሪጁን አጥብቀው ይሰሩና በስለቱ ላይ በሽቦ ጫፍ 0.2 ኒውተን፣ ማለትም 20 ግራም ያህል ክብደት ያሳርፉ። መሐሉ ላይም ዳሩ ላይም እንዲሁ ያድርጉ፤ የወረደበትን በማይክሮስኮፕ ይለኩ።

መሐሉ ከዳሩ ይበልጥ ከወረደ ምላጩ በርዝመቱ እየጎበጠ ነው። እዚህ ላይ ነው ድልድይ ዋጋው የሚታየው፦ መሐል ላይ የሚጫን ጉብጠት ከድጋፎች መካከል ካለው ርዝመት ኩብ ጋር ስለሚሄድ 36 ሚሜውን በአንድ ድልድይ ለሁለት መክፈል ጉብጠቱን ወደ ስምንተኛ ያወርደዋል። ለዚያ የተከፈለው ከ3 በመቶ በታች የሆነ የውሃ መንገድ ነው። ከዚህ የተሻለ ልውውጥ በካርትሪጅ ውስጥ አይገኝም። ድልድዩ ግን እግሩን ከሥር መንካት አለበት፤ 0.05 ሚሜ ዝቅ ብሎ ከቀረ እስኪደርስበት ድረስ ምላጩ እንደልቡ ይወርዳል። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ወፍራሙ ድልድይ ላይ የሚፈጠረው ስርጉደት የተለመደ ምክንያት ነው፤ ድልድዩን ከዙሪያው ግድግዳ አያወፍሩት።

እግሩ ቆሞ ስለቱ ብቻ ከታጠፈ ችግሩ ከመቀመጫው ወደ ፊት ተንጠልጥሎ የሚወጣው ክፍል ርዝመት ነው። ከ1 ሚሜ ወደ 0.7 ማሳጠር መታጠፉን ወደ ሲሶ ገደማ ይቀንሰዋል። ይህ ከላይ ካልነው ጋር ይጋጫል፤ መቀመጫው ወደ ስለቱ በቀረበ ቁጥር ዋሻውን ያጠባል። መውጫው የመቀመጫው የፊት ጠርዝ በጠቅላላ ርዝመቱ ሳይሆን በድልድዮቹ አጠገብ ብቻ ወደ ፊት እንዲወጣ በፕሬስ መቁረጥ ነው፤ በሌላው ቦታ ወደ ኋላ ይሰበሰባል።

ዳርና መሐሉ እኩል ከወረዱ ስፕሪንጉ ላልቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የጂሌት ሴንሰር ምላጮችን በየራሳቸው የፕላስቲክ ስፕሪንግ ላይ ካስቀመጠ ወዲህ ይህ አሠራር የተለመደ ነው። ጣት መሳይ የፕላስቲክ ስፕሪንግ ተጭኖ በማሸጊያ ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ በተለይ መጋዘኑ ሞቃት ከሆነ። ጫናውን፣ ማለትም ፕላስቲኩ ሲታጠፍ የሚለጠጥበትን ልክ፣ በዚህ ያስሉ፦ 3 × ውፍረት × የታጠፈበት ልክ፣ ለ2 × የርዝመቱ ካሬ ሲካፈል። ውፍረቱ 0.5፣ የታጠፈው 0.2፣ ርዝመቱ 3 ሚሜ ከሆነ 1.7 በመቶ ይመጣል፣ ይህ ብዙ ነው። ርዝመቱ 5 ሚሜ ሲሆን ወደ 0.6 በመቶ ይወርዳል። የመግፋት ኃይሉ በርዝመቱ ምክንያት ስለሚቀንስ የጣቱን ወርድ በመጨመር ይመልሱት እንጂ ውፍረቱን አይንኩ።

ምልክት፦ ቆዳ ይቀላል ወይም ይቆረጣል

በሁለት ስለቶች መካከል ያለው ቆዳ ሲጫን ወደ ውስጥ ይነፋል፤ ርቀቱ በሰፋ ቁጥር መነፋቱ ይጨምራል። ርቀቱን ለውሃ ብለው ካሰፉ ስለቶቹ ብቅ የሚሉበትን ልክ አብረው ይቀንሱ። ልኩ የሚነበበው ከስለቱ በፊትና በኋላ ቆዳ የሚነካቸውን ሁለት ነጥቦች ከሚያገናኘው መስመር ነው። ለመነሻ የመጀመሪያውን 0.05 ሚሜ ከመስመሩ በታች፣ የመሐሎቹን በመስመሩ ላይ፣ የመጨረሻውን 0.05 በላይ ያድርጉ። መቆረጡ ዳር ላይ ብቻ ከሆነ ክሊፑ ምላጩን አላጠበቀውም ወይም የፊት ጎማው ከምላጩ ያጠረ ነው።

ምልክት፦ ዳሩ ይላጫል፣ መሐሉ ይተዋል

ፕላስቲኩ ጎብጧል። ፖሊፕሮፒሊን ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ይኮማተራል፤ ኤቢኤስ ከ0.4 እስከ 0.7 ብቻ። ከፊት ለስላሳ ጎማ በላዩ ሲፈስበት ደግሞ ጎማው ሲኮማተር ሰውነቱን ወደ ራሱ ይስባል። ካርትሪጁን ምላጭ ሳይገባበት በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው የመሐሉን ክፍተት ይለኩ፤ 0.05 ሚሜ ካለፈ የምላጩ አቀማመጥ ሁሉ ተበላሽቷል። የጎማውን ውፍረት ቀንሱ፣ በሞልድ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ጨምሩ፤ ካልበቃ ፕላስቲኩን ይቀይሩ።

ምልክት፦ በብየዳው ዙሪያ ዝገት

ሌዘሩ ያጠቆረው ቦታ ላይ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የክሮሚየም ሽፋን ተዳክሟል፤ በምላጩና በመቀመጫው መካከል የገባ ውሃም አይደርቅም። የሌዘሩን ኃይል ይቀንሱ፣ ነጥቡን ከስለቱ ያርቁ፣ ሲበየድ አርጎን ይንፉበት። ምላጩን የሚይዙት ክሊፖች ከአሉሚኒየም ቢሆኑ ይመረጣል፤ አሉሚኒየም ከብረቱ ቀድሞ ስለሚበላ ስለቱን ይጠብቀዋል። ክሊፑን በቀለም ወይም በላከር መሸፈን ይህን ጥቅም ያጠፋዋል።

ምልክት፦ ዝልግልግ ነገር የኋለኛውን ምላጭ ይዘጋል

የሚመጣው ከማለስለሻ ስትሪፑ ነው። በውስጡ ያለው ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ውሃ ሲነካው ያብጥና እንደ ሙጫ ይወጣል፤ ከመጨረሻው ስለት አጠገብ ከሆነ ወደ ክፍተቱ ይወርዳል። ስትሪፑን ከመጨረሻው ስለት ቢያንስ 1 ሚሜ ወደ ኋላ ያርቁ፣ ደረቅ ሳለም ከዙሪያው 0.1 ሚሜ ዝቅ አድርገው ይትከሉት፤ ሲያብጥ ልክ ገጹ ላይ ይደርሳል።