የቮልስ ሚኒሞ አልወርድ ሲል ከየት ይጀመራል?

ትራፊክ መብራት ላይ ቆማችሁ፣ እግራችሁ ፔዳሉን ሳይነካ፣ ሞተሩ ይጮሃል? እንግዲያው ካቻቢቴውን ለጊዜው አስቀምጡት። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ካርቡራቶሩ ማስተካከያ ብሎን ነው። ስህተቱም የሚጀምረው እዚያ ነው። ሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አየር በማይፈለግ መንገድ ሲገባ፣ አለዚያም እሳቱ ሲቀድም፣ ማለትም ካንዴላው ከጊዜው በፊት ሲተኩስ ነው። መንገዱ ሳይገኝ ብሎን ማዞር ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም።

የምናገረው 1600 ሞተር ላይ ስላለው ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡራቶር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞው በደቂቃ ከ800 እስከ 900 ዙር መሆን አለበት።

በቀዝቃዛው ከፍ ማለቱ ጤና ነው፣ ሞተሩ እስኪሞቅ አየሩን የሚያጠበው ቾክ ስለሚሠራ። ጥቂት ደቂቃ ነድታችሁ የአየር ማጣሪያውን አውርዱና እዩ። ካርቡራቶሩ አፍ ላይ ያለው የቾኩ ክዳን ቀጥ ብሎ ካልቆመ፣ የነዳጅ መስጫው ክንድ ብሎንም በደረጃ በደረጃ የተቆረጠችው ብረት ላይ ዝቅተኛውን ደረጃ ካልያዘ፣ ቾኩ አልተከፈተም ማለት ነው። ቁልፍ ተከፍቶ የቾኩ ሽቦ ላይ 12 ቮልት መኖሩን ለኩ። ብዙ ጊዜ ሽቦው ወልቆ ነው የሚገኘው። ደግሞም ያቺ ብረት ወደ ታችኛው ደረጃ የምትወርደው ፔዳሉ አንዴ ነካ ሲደረግ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ካርቡራቶር የሚፈቱ አሉ።

ቀጥሎ የነዳጅ ፔዳሉ ካቦ። ሞተሩ ጠፍቶ ክንዱን በእጅ ወደ መዝጊያው ግፉት። ትንሽም ቢሆን ከተንቀሳቀሰ ካቦው ይዞታል ወይም ሞላው ደክሟል። ካቦውን ፈታችሁ ብታስነሱትና ሚኒሞው ቢወርድ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

አሁን ዋናው ፈተና። ካርቡራቶሩ ጎን ላይ ሁለት ብሎን አለ። ትልቁ የአየር ነው፣ ትንሿ የድብልቁ። ሞተሩ በሞቀበት ትልቁን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ዝጉት። ጤነኛ ሞተር ሊጠፋ ይደርሳል። ካልወረደ አየሩ በሌላ በኩል ይገባል። ያን ጊዜ የካርቡራቶሩን አፍ በጠፍጣፋ እንጨት ክደኑት። ጨርቅ አይሆንም፣ ይስበዋል። ታፍኖ ከጠፋ አየሩ የሚገባው በራሱ በካርቡራቶሩ አፍ ነው፤ ቢራቢሮው፣ ማለትም በፔዳሉ የሚከፈተው የታችኛው ክዳን፣ ተከፍቶ ቀርቷል። ተከድኖም ከሠራ ከታች ያፈስሳል።

የሚያፈስባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የካርቡራቶሩ መቀመጫ ጓርኒሲዮን፣ ወደ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለው) የሚሄደው ቀጭን የቫክዩም ቱቦ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ቴስታታ ከሆነ ማኒፎልዱን (ድብልቁን ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቧንቧ) የሚያገጣጥሙት የጎማ እጅጌዎች፣ የቢራቢሮው ዘንግ። ክንዱን ወዲህ ወዲያ ነቅንቁት፤ የተበላ ዘንግ ወዲያው ይታወቃል። ለሌላው በውሃ መርጫ በየቦታው እርጩ። ድምፁ የተቀየረበት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ። እባካችሁ ቤንዚን አትርጩ፤ የጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ ነው ያላችሁት፣ መኪናውም ሰውም ይቃጠላል። ይህን ሁሉ ደግሞ ሜዳ ላይ እንጂ በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አትሞክሩ።

ፔዳሉን ስትለቁ ዙሩ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ግን ዲስትሪቢዩተሩን ጠርጥሩ። ውስጡ ያሉት ክብደቶች ቅባት አጥተው ይጣበቃሉ፣ እሳቱም እንደቀደመ ይቀራል።

የኔ ቮልስ ያሠቃየኝ በዚሁ በእሳት መቅደም ነበር። አንድ ጋራዥ እንዳይጠፋብኝ ብሎ የክንዱን ብሎን አጥብቆ ቢራቢሮውን ከፍቶት ነበርና ያ ቀጭን ቱቦ የሚነሳበት የቫክዩም ቀዳዳ ተጋልጦ፣ ዲስትሪቢዩተሩ በሚኒሞ ላይ እሳቱን ያስቀድም ነበር። ትልቁ ብሎን ምንም ቢዞር አይታዘዝም። ያገኘሁት ሁለት ወር ከደከምኩ በኋላ ነው።

ስታስተካክሉ እንዲህ አድርጉ። ቾኩ ተከፍቶ፣ የክንዱን ብሎን ዝቅተኛውን ደረጃ እስኪለቅ ፍቱ፣ ልክ ሲነካ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ትንሿን ብሎን ሳትጨቁኑ እስከ ታች ዝጉና ሁለት ዙር ተኩል መልሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። በመጨረሻ ሚኒሞውን በትልቁ ብሎን ብቻ 850 ላይ አድርሱት። የክንዱን ብሎን ከዚያ ወዲያ አትንኩት።