ናክሶስ ከልጆች ጋር፦ የግሪክን ደሴት ሳይጣደፉ መዞር እንዴት ይቻላል

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንስማማ። ትናንሽ ልጆች ይዞ የግሪክን ደሴቶች «አዳርሳለሁ» ማለት አይሠራም። ሳንቶሪኒ ሁለት ሌሊት፣ ሚኮኖስ ሁለት ሌሊት፣ ፓሮስ አንድ ሌሊት የሚል ዕቅድ ወረቀት ላይ ያምራል። እዚያ ስትደርሱ ግን ሻንጣ ማሰርና መፍታት፣ ወደብ ላይ በፀሐይ መጠበስና ልጅ ማባበል ብቻ ይሆናል። እኛ አራት ነበርን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመት ልጃችንና የሦስት ዓመት እህቱ። አንድ ደሴት መረጥንና ስምንት ቀን ተቀመጥንበት። ናክሶስ።

ለምን ናክሶስ? ሲክላዲስ ከሚባለው የግሪክ ደሴቶች ስብስብ ትልቁ ነው፤ ወደ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቱሪስት ባይመጣም የሚኖር፣ ድንች የሚያበቅል፣ ላም የሚያረባ፣ አይብ የሚሠራ የገበሬ አገር ነው። ምዕራባዊው ዳርቻ ረጅም አሸዋ ነው፤ ባሕሩም ብዙ ቦታ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ሳንቶሪኒ ውብ ናት፣ አልዋሽም። ግን ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ናት፤ እዚያ የሦስት ዓመት ልጅ በየደረጃው እያባረሩ መዋል ለኔ ዕረፍት አይደለም።

1. ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን ጊዜው አልፏል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከስድስት ዓመት በታች ያለ አይከፍልም። ጀርመን ወይም ጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ ግን የዚያ አገር ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ከቪዛ አያድናችሁም። ከእናት ወይም ከአባት አንዱ ብቻውን ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛውን የጽሑፍ ስምምነት ይያዝ።

ወሩን መምረጥ ከቻላችሁ ሰኔ ወይም መስከረም ይሁን። እኛ የልጆቹ ትምህርት ቤት አስገድዶን በፈረንጆቹ ኦገስት ሄድን። ኦገስት ሙቀት፣ ሕዝብና ነፋስ ነው። በዚያ ላይ ኦገስት 15 ለግሪኮች ትልቅ የማርያም በዓል ስለሆነ አቴንስ ያለ ሁሉ ወደየደሴቱ ይጎርፋል። በዚያ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ መርከብም ቤትም ከወራት በፊት ያዙ።

2. አንድ ማረፊያ፣ ከባሕሩ በእግር

ምርጫው በአጭሩ እንዲህ ነው። ሆራ፣ ማለትም ዋናው ከተማ፣ ወደብ፣ ሱቅና ሐኪም ቤት ይዟል፤ አጠገቡ አጊዮስ ጊዮርጊዮስ የሚባለው ዳርቻ በእግር ይደረሳል። አጊዮስ ፕሮኮፒዮስና አጊያ አና ከሆራ ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፤ አሸዋቸው የተሻለ ነው፣ በበጋም አውቶቡስ አይጠፋም። ፕላካ ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ አራት ኪሎ ሜትር ያህል አሸዋ ያለው ጸጥተኛ ቦታ ነው፤ መኪና ለሌለው ግን ያስቸግራል።

እኛ የያዝነው ሆራን ነው፤ ድጋሚ ብሄድም ሆራን እይዛለሁ። ልጅ ሌሊት ሲያተኩሰው ፋርማሲው ሦስት መቶ ሜትር ላይ መሆኑ ዋጋው ብዙ ነው። ቤት ስትከራዩ ማብሰያ ያለው ይሁን። «ለባሕሩ ቅርብ» የሚለውን ቃል ግን አትመኑ፤ ካርታው ላይ ራሳችሁ ለኩት። ከላይ ካስትሮ የሚባለው አሮጌው ሰፈር ቤት አትያዙ። እጅግ ያምራል፤ ግን ሁሉም ደረጃ ነው፣ የሕፃን ጋሪ እዚያ ጭነት ነው የሚሆነው።

3. መርከቡ

ከአቴንስ በአውሮፕላን 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ልጆች ግን መርከቡን ይወዱታል፤ ለኪስም ይሻላል። ከአቴንስ አየር ማረፊያ እስከ ፒሬየስ ወደብ ሜትሮው ሳትቀይሩ ያደርሳችኋል፤ ሌሊት ከደረሳችሁ ኤክስ 96 የሚባለው አውቶቡስ አለ። ወደቡ ሰፊ ስለሆነ የመርከባችሁን በር ቁጥር ቀድማችሁ እወቁ። እኛ በተሳሳተ በር ገብተን ሁለት ሻንጣና አንድ የተኛች ልጅ ይዘን ሮጠናል።

ትልቁን መርከብ ያዙ። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ፈጣኑ ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ነፋስ ሲነሳ ያንገጫግጫል፣ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው። በትልቁ መርከብ ልጅ ይሮጣል፣ ደርብ ላይ ይወጣል፣ ወለል ላይ ነጠላ አንጥፎ ይተኛል። ለሕፃኑም ትኬት ቁረጡ፤ ባይከፈልበትም መኖር አለበት። ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ የኛ ሰው የታወቀ ጣጣ አለ፦ ትኬቱ 07:30 ካለ በኛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አያቶች አብረው የሚጓዙ ከሆነ ሁለት ጊዜ ንገሯቸው።

ለመውረድ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። መርከቡ ፓሮስ ሲቆም ጫማ አድርጉ፣ ሽንት ቤት አስገቡ። ናክሶስ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ወደ ታች፣ መኪኖቹ ወደቆሙበት ክፍል ይወርዳል። ጨለማ ነው፣ ናፍጣ ይሸታል፣ ሰንሰለቱ ይጮኻል። ከዚያ የኋላው በር ቀስ ብሎ ይወርድና ብርሃኑ ባንዴ ዓይን ይወጋል። ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጎ «ዓሣ ነባሪው አፉን ከፈተ» አለኝ። መርከቡ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ትንሿን እዘሉ፣ ጋሪውን አጥፉ፣ ውረዱ።

4. በየጠዋቱ ነፋሱን ጠይቁ

ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚሄደው ይህን ነው። በበጋ፣ በተለይ በጁላይና በኦገስት፣ ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ይነፍሳል፤ አንዳንዴ ለቀናት። ጃንጥላ ይነቅላል፣ አሸዋ ልጅ ዓይን ውስጥ ይከታል። ስለዚህ የዳርቻ ዕቅድ ማታ አይወጣም። ጠዋት የነፋሱን ትንበያ አይታችሁ ነው የምትወስኑት።

ነፋስ ሲበረታ ሚክሪ ቪግላን ተዉት፤ እሱ የነፋስ ተንሸራታቾች መንደር ነው። አጊዮስ ፕሮኮፒዮስ የተሻለ ከለላ አለው። አጊዮስ ጊዮርጊዮስ ላይም ለከተማው ቅርብ የሆነው ጫፍ ውኃው ለልጅ ጉልበት አይደርስም፤ ወደ ደቡብ በሄዳችሁ ቁጥር ግን ሸራ የያዙት ይበዛሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ድረሱ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። ከዚያ ምሳና እንቅልፍ። ግሪኮቹም ከሰዓት በኋላ ይተኛሉ፤ መንደሩ ጭር ይላል፣ ማንም አይታዘባችሁም። ማታ ደግሞ ልጆች እስከ አምስት ሰዓት አደባባይ ላይ ሲሯሯጡ ታያላችሁ። የአልጋ ሰዓት የሚባለውን ነገር እኛ ሦስተኛው ቀን ላይ ተውነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ፖርታራ ሂዱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ገደማ ተጀምሮ ያልተጨረሰ ቤተ መቅደስ የእብነ በረድ በር ነው፤ ቁመቱ ስድስት ሜትር አካባቢ፣ ዙሪያው ባዶ። ቤቱ የለም፣ በሩ ብቻ ቆሟል። ወደዚያ የሚያደርሰውን ጠባብ መንገድ ነፋስ ባለበት ቀን ማዕበሉ ይረጨዋል፤ ልጅ በእጅ ይያዝ። ትንሿ በሩ ስር ቆማ «ማን አለ?» እያለች ስታንኳኳ ነበር።

5. መኪናው ለሁለት ቀን ይበቃል

ሳምንቱን ሙሉ መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው። ለዳርቻዎቹ አውቶቡስ ይበቃል፤ ትኬቱ ወደቡ አጠገብ ይገዛል። መኪናው የሚያስፈልገው ለተራራው ነው። ቁመቱ ከ1.35 ሜትር በታች ለሆነ ልጅ የልጅ ወንበር ግዴታ ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ወንበሩን ዓይናችሁ ይየው። ለኛ «አለ፣ አለ» ተብሎ የቀረበው ቀበቶው የማይቆለፍ ነበር፤ ሌላ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ጠበቅን። መንጃ ፈቃዳችሁ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወጣ ከሆነ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይጠየቅ እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ።

በመጀመሪያው ቀን ሃልኪ፣ ፊሎቲና አፒራንቶስ። ፊሎቲ የሚገኘው ዛስ ተራራ ስር ነው፤ ከ1,000 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ የሲክላዲስ ከፍተኛው ጫፍ። ከፊሎቲ በላይ መንገዱ ይጠማዘዛል። ልጄ «አባዬ ሆዴ...» ብሎ ሳይጨርስ ቁርሱ ወንበሩ ላይ ነበር። ፌስታል፣ እርጥብ ጨርቅና ትርፍ ልብስ ከፊት ይሁን፣ ሻንጣው ውስጥ አይደለም።

አፒራንቶስ መንገዱ ሁሉ እብነ በረድ የተነጠፈበት መንደር ነው። አንዲት አሮጊት ልጄን አዩና ጉንጯን ነክተው «ፍቱ፣ ፍቱ፣ ፍቱ» አሉባት። ለክፉ ዓይን ነው። እነሱ ማቲ ይሉታል። አብረውን የነበሩ ቱሪስቶች ደነገጡ። ባለቤቴ ግን አንገቷን ዝቅ አድርጋ «አሜን» አለች፤ ለሷ የአያቷ «ቱፍ ቱፍ» ነበር።

በሁለተኛው ቀን ኩሮስ። በሰሜን ጫፍ አፖሎናስ ላይ ተጀምሮ የቀረ፣ 10.7 ሜትር የሆነ ሐውልት በጀርባው ተኝቷል። ግን ሩቅ ነው፤ የሚያስታውክ ልጅ ያለው ፍሌሪዮ ወዳለው ሌላ ኩሮስ ቢሄድ ይሻላል። ሜላኔስ አጠገብ፣ ለሆራ ቅርብ፣ ዛፍ ጥላ ስር ነው። ይኸኛው እግሩ የተሰበረ ነው። ልጄ አጠገቡ ተጋድሞ ሲለካካ ቆየና «ቀራጩ ተቆጥተውበት ይሆን?» አለ። እሱን ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።

6. ምግቡ፣ በተለይ ለጿሚ

ልጆቹ በናክሶስ ድንች ጥብስና ግራቪየራ በሚሉት አይብ ስምንት ቀን ኖሩ፤ አልተከራከርኩም። ባለቤቴ ግን ፍልሰታ ላይ ነበረች። ነሐሴ 1 በፈረንጅ ኦገስት 7 ነው፤ የግሪኮቹ የማርያም ጾም ደግሞ ከኦገስት 1 እስከ 14። ስለዚህ «ኒስቲሲሞ» የምትለዋን ቃል ያዙ፤ የጾም ማለት ነው፣ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። ፋቫ ይመጣል፤ የኛው ክክ አልጫ ነው፣ እርዱ ቀርቶ የወይራ ዘይትና ሽንኩርት የፈሰሰበት። ጊጋንቴስ የሚባል ትልልቅ አደንጓሬ አለ፣ ሆርታ የሚሉት ጎመን መሳይ ቅጠል አለ። ተጠንቀቁ፦ በነሱ ሥርዓት ኦክቶፐስና ካላማሪ የጾም ነው። ባለቤቴ «ይሄ እግር ያለው ነገር የጾም ነው?» ብላ ሳህኑን ወደኔ ገፋችው። ኦገስት 15 ፊሎቲ ላይ ዘፈንና ጭፈራ ነው፣ እነሱ ሥጋ ይዘዋል፤ ለሷ ገና ሳምንት ቀርቷታል።

7. ከበረራው አንድ ቀን በፊት ተመለሱ

ነፋሱ ካየለ የወደቡ ባለሥልጣን መርከብ እንዳይነሳ ይከለክላል። ስለዚህ በረራ ባለበት ቀን ከደሴት አትነሱ፤ የመጨረሻዋን ሌሊት አቴንስ ወይም ፒሬየስ እደሩ። የኛ መርከብ ታግዶ በቀጣዩ ቀን ነው የወጣው። እኔ ስልኬ ላይ ተጥጄ ትንበያ ሳነብ፣ ባለቤቴ ሆቴል ስትሰርዝ፣ ትንሿ ወደቡ ላይ ቆማ ቀሚሷን ነፋሱ ሲነፋላት እየሳቀች «እንደገና!» ትለው ነበር።