ለዓለም አቀፉ የጀርመንኛ ኦሊምፒያድ ተማሪን ማዘጋጀት፦ የ11 ሳምንት ሥራ

ዓለም አቀፉ የጀርመንኛ ኦሊምፒያድ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ውድድር ነው። የሚያዘጋጁት የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም የሆነው የጎተ ኢንስቲትዩትና ዓለም አቀፉ የጀርመንኛ መምህራን ማኅበር ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በርሊን፣ በ2018 ፍራይቡርግ፣ በ2022 ሃምቡርግ፣ በ2024 ጎቲንገን ተካሂዷል። የ2020ው በኮሮና ምክንያት በኢንተርኔት ነበር። ከየአገሩ ሁለት ተማሪዎችና አንድ መምህር ይሄዳሉ። ተማሪዎቹ ጀርመንኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውም ከ14 እስከ 17 የሆኑ ናቸው።

ብዙ መምህራን ስሙን ሲሰሙ የሰዋስው ፈተና ይመስላቸውና ተማሪውን በመልመጃ ደብተር ያደክሙታል። ውድድሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ተማሪው ለብቻው የግድግዳ ጋዜጣ ይሠራል፤ ከዚያ ከማያውቃቸው የሌላ አገር ልጆች ጋር በቡድን ተመድቦ አንድ ሥራ ለዳኞች ያቀርባል። በሁለቱም ላይ የሚጥለው የአርቲክል («ዴር»፣ «ዲ»፣ «ዳስ») ስሕተት ሳይሆን ሽምደዳ ነው። የሸመደደ ልጅ ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲመጣበት ፀጥ ይላል። ስለዚህ ከታች ያለው ልምምድ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል፦ ያልተዘጋጁበትን መናገር።

ምርጫው

የክፍሉን አንደኛ ወስዶ መላክ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የተሳሳተ ምርጫ ነው። ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ ፎቶ ይስጡ፤ ገበያ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ የሠርግ ድንኳን፣ የፈለጉትን። 1 ደቂቃ ያስብ፣ 2 ደቂቃ ይናገር፣ ከዚያ አምስት ጥያቄ ይጠይቁት። ከአምስቱ አንዱን ሆን ብለው በማያውቀው ቃል ይጠይቁ። «ምን ማለት ነው?» ብሎ በጀርመንኛ የሚጠይቀው ልጅ፣ እንዳልገባው እየታወቀ «ያ፣ ያ» ከሚለው ይሻላል።

የጽሑፍ አቅምን ለመለካት የጎተ ቢ1 (የመካከለኛ ደረጃ) ፈተና የመጻፍ ክፍል ጥሩ ሚዛን ነው። 60 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጽሑፍ ይጻፋል፤ ሁለቱ ወደ 80 ቃል፣ አንዱ ወደ 40 ቃል ናቸው፤ ማለፊያው ከ100 60 ነው። ልጁ 60 ላይ ካልደረሰ በቢ1 ደረጃ አያስመዝግቡት፤ ከደረጃው በላይ የተመደበ ልጅ ቡድኑ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ላይ ሁለት ነገር አስቀድመው ያጣሩ፦ ዕድሜው 18 እንዳይሞላ፣ ብሔራዊ ፈተናውም ከጉዞው ጋር እንዳይጋጭ። ውድድሩ በአውሮፓ የበጋ ዕረፍት ላይ ስለሚውል ሐምሌ ላይ ከፈተናው ጋር ሊገናኝ ይችላል። 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ያለ ልጅ ከዚህ ጭንቀት ነፃ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፦ ድምፅ

በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበቃል። የአማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳታቸው ድምፆች የታወቁ ናቸው፤ ሁሉም ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

አንደኛው መጥበቅ ነው። አማርኛ «አለ» (ተናገረ) እና «አለ» (ይገኛል) የሚባሉትን የሚለየው «ለ»ን በማላላትና በማጥበቅ ነው። ተማሪው ይህን ልማድ ወደ ጀርመንኛ ይዞት ይሄዳል፤ ድርብ ፊደል ባየ ቁጥር ተነባቢውን ያጠብቃል። ጀርመንኛ ውስጥ ድርብ ፊደል የሚናገረው ስለ ተነባቢው ሳይሆን ከፊቱ ስላለው አናባቢ ነው፤ አናባቢው አጭር ነው ማለት ነው። «ሚተ» አናባቢው ሲረዝም የቤት ኪራይ ነው፤ ሲያጥር መሃል ነው። «ት» በሁለቱም ላልቶ ይነበባል። ልጁ እጁን ዘርግቶ ረጅሙን አናባቢ በእጁ እየሳበ፣ አጭሩን በጣቱ እየቆረጠ 20 ጥንድ ቃል ያንብብ። በሁለት ሳምንት ይስተካከላል።

ሁለተኛው የቃል መጨረሻ ነው። በጽሑፍ በ«ብ»፣ «ድ»፣ «ግ» የሚያልቅ ቃል ሲነበብ «ፕ»፣ «ት»፣ «ክ» ይሆናል፦ ቀን «ታክ»፣ ውሻ «ሁንት»፣ ቢጫ «ጌልፕ»። አማርኛ ይህ ሕግ ስለሌለው ልጁ እንደተጻፈው ያነባል።

ሦስተኛው የከንፈር አናባቢዎች ናቸው፤ ሁለት ነጥብ ያለባቸው «ኡ» እና «ኦ»። «ኢ» እያሉ፣ ምላሱን ሳያንቀሳቅሱ ከንፈርን «ኡ» ለማለት እንደሚሾል ማሾል፤ «ኤ» እያሉ ደግሞ ከንፈርን «ኦ» ላይ ማድረግ። መስታወት ይያዙ፤ ያለ መስታወት ልጁ ከንፈሩ የሾለ ይመስለዋል፣ አልሾለም።

«እኔ» የሚለው ቃል መጨረሻ («ኢሽ» ብለን የምንጽፈው) «ሽ» አይደለም። «ይ»ን ያለ ድምፅ፣ በትንፋሽ ብቻ ማንሾካሾክ ነው። ከ«አ»፣ «ኦ» እና «ኡ» በኋላ የሚመጣው ወንድሙ ደግሞ ከትግርኛው «ኸ» ጋር አንድ ስለሆነ ትግርኛ የሚችል ልጅ ካለ እሱ ያሳያቸው። ጊዜ የሚለውን «ትሳይት» በ«ጸ» የሚጀምሩት ብዙ ናቸው፤ «ጸ» ትንፋሽ ታፍኖ የሚፈነዳ ነው፣ የጀርመኑ ትንፋሹ ይፈስሳል።

«ቫሰር»ን «ዋሰር» ማለት ግን የአማርኛ ችግር አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ነው። የአረፍተ ነገር ቅደም ተከተልም እንደዚሁ። ተማሪው «ዛሬ እሄዳለሁ» ሲል «ሆይተ ኢሽ ጌኤ» ይላል፤ ትክክሉ «ሆይተ ጌኤ ኢሽ» ነው፣ ጥያቄ ወይም ትእዛዝ ካልሆነ በዋናው ሐረግ ግሡ ሁልጊዜ ሁለተኛ ቦታ ይቀመጣልና። በጥገኛ ሐረግ ግን ግሡ መጨረሻ ይሄዳል፤ ልክ እንደ አማርኛ። «ስለሚዘንብ» ውስጥ ግሡ መጨረሻ እንዳለ ሁሉ «ቫይል ኤስ ሬግነት» ላይም መጨረሻ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በአማርኛ ያሳዩአቸው። የአክብሮቱም ነገር እንደዚያ ነው፦ «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እነሱ ይመጣሉ» ግሣቸው አንድ ዓይነት እንደሆነ ሁሉ፣ የጀርመንኛው «ዚ» ለተከበረ ሰውም ለብዙዎችም አንድ ግሥ ይወስዳል። ለዳኛ «ዚ»፣ ለተወዳዳሪ ጓደኛ «ዱ»።

የግድግዳ ጋዜጣው

ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት፣ በየሳምንቱ አንድ። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ሰሌዳ ካለ እዚያ ይለጠፍ፤ ሰው የሚያየው ሥራ ሌላ ጥንቃቄ አለው።

የሚያስፈልገው አንድ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ አራት ማርከር (ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ)፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ መቀስ፣ ኮላና የድሮ ጋዜጣ ነው። ቢጫ ማርከር ለጽሑፍ አይሆንም፤ ከሁለት ሜትር አይታይም።

ርዕሱን ሲሰጧቸው ሰዓቱን ያስጀምሩ፤ 90 ደቂቃ። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ በትንሽ ወረቀት ላይ ንድፍ ብቻ ነው። ቀጥሎ 30 ደቂቃ ጽሑፉን በደብተር መጻፍ፤ ከ150 እስከ 180 ቃል። ከዚያ 35 ደቂቃ ወደ ትልቁ ወረቀት መገልበጥ፣ ፊደሉ መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከላይ በማርከር። የቀረው 10 ደቂቃ የእርማት ነው፤ ስሞች በትልቅ ፊደል መጀመራቸውን፣ ግሡ ሁለተኛ ቦታ መሆኑን፣ ነጥቦቹ ከአናባቢዎቹ ላይ አለመረሳታቸውን። የርዕሱ ፊደል ቁመት 5 ሳ.ሜ.፣ የንዑስ ርዕስ 2.5፣ የዋናው ጽሑፍ ከ1 አይነስ።

የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ልጁ በቀጥታ ትልቁ ወረቀት ላይ ይጀምርና ግራው ተጨናንቆ ቀኙ ባዶ ይቀራል። ሁለተኛው ጥፋት ርዕስን ማስፋት ነው። «ኢትዮጵያ» የሚል ጋዜጣ ቡናን፣ ላሊበላን፣ አክሱምን፣ እንጀራን በአንድ ወረቀት ይጨምቅና ምንም አይናገርም። ዳኛውም የቡና ሥርዓትን አይቶ ጠግቧል።

ጠባብ ርዕስ ምን እንደሚመስል አንድ እንይ። ርዕሱ «ስንት ሰዓት ነው?» ይሁን። መሃል ላይ ሁለት ትልልቅ የሰዓት ሥዕሎች፤ ሁለቱም ላይ ቆጣሪው አንድ ቦታ ያመለክታል፣ ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉ፤ የግራው 8፣ የቀኙ 2። ከሥር አራት አጭር ዓረፍተ ነገር፦ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ እንደሆነ፣ ከንጋቱ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰዓት 1 እንደሚባል፣ ልዩነቱ 6 ሰዓት እንደሆነ፣ ባለታሪኩ ልጅ በዚህ ምክንያት ከጀርመን ጓደኛው ጋር እንዴት እንደተላለፈ። በጎን በኩል 13ቱ ወሮች በትናንሽ ሣጥን፤ 12ቱ 30 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6። ሁሉም በኤ2 (ከቢ1 አንድ ደረጃ ዝቅ ባለ) ቋንቋ ይጻፋል፤ ጎብኚውም ቆሞ ይጠይቃል። ጥያቄ ማስነሣቱ ነው የሚፈለገው፤ ልጁ ከጋዜጣው አጠገብ ቆሞ የሚያብራራውን ወረቀቱ ላይ ያለውን በማንበብ ሳይሆን ያልተጻፈውን በመጨመር ይለማመድ።

እግረ መንገዱን፣ ሰዓት ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጀርመኖች «ሃልፕ ኖይን» ሲሉ 8፡30 ማለታቸው ነው፤ ወደ ዘጠኝ ግማሽ ይቀራል እንደማለት። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ተኩል። ልጁ «ኖይን»ን ብቻ ሰምቶ 9፡30 ብሎ ቢይዘው ቡድኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠብቀዋል። ቁጥሮችንም አብረው ያለማምዱ፤ 21 «አንድ እና ሃያ» ተብሎ ስለሚነገር የስልክ ቁጥር ሲጻፍ ይገለበጣል። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ሰዓትና አምስት ቁጥር በቃል ይንገሯቸው፤ ይጻፉ።

የቡድኑ ሥራ

ከስምንተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ሳምንት። እዚህ ላይ ጠንቃቃ፣ ጨዋ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጥ ልጅ ይጎዳል። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ አምስት ልጅ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ግን አስተያየት እንደሌለው ይቆጠርበታል። ይህን ለልጁ በግልጽ ይንገሩት፣ በራሱ አይደርስበትም።

አራት ወይም አምስት ሆነው ይቀመጡ። ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ቢቀላቀሉ ይመረጣል፤ የሚተዋወቁ ልጆች አማርኛ ያመልጣቸዋል። 40 ደቂቃ ይስጧቸውና 5 ደቂቃ የሚወስድ አቀራረብ ያዘጋጁ። የሚሠሩበት ርዕስ አካባቢያቸው ይሁን፤ ለምሳሌ ከትምህርት ቤቱ እስከ ታክሲ ፌርማታው ያለው መንገድ ለሽማግሌ ሰው ምን ይጎድለዋል። ጀርመንኛ የማያውቅ አላፊ አግዳሚን በአማርኛ ጠይቀው መልሱን በጀርመንኛ ያቀርባሉ።

እያንዳንዱ ልጅ እነዚህን በቃሉ ይያዝ፦ «ቬር ማኽት ቫስ?» (ማን ምን ይሠራል?)፣ «ቪ ማይንስት ዱ ዳስ?» (ምን ማለትህ ነው?)፣ «ዳስ ሃበ ኢሽ ኒሽት ፈርሽታንደን» (አልገባኝም)፣ «ኢሽ ዜኤ ዳስ አንደርስ» (እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው)፣ «ኡንት ዱ፣ ቫስ ዴንክስት ዱ?» (አንተስ ምን ትላለህ?)። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ዝም ያለውን የሚያናግር ልጅ ቡድኑን ይይዛል። መምህሩ ከኋላ ተቀምጦ የሚቆጥረው የሰዋስው ስሕተትን አይደለም፤ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደጠየቀ፣ ስንት ጊዜ የሌላውን ሐሳብ እንደቀጠለ ነው። አንድ ልጅ በ40 ደቂቃ ከሦስት ጊዜ በታች ከጠየቀ በሚቀጥለው ልምምድ መሪ ያድርጉት።

አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ሆን ብለው ያበላሹ፤ 15 ደቂቃ ሲቀር አንዱን አቅራቢ ያስወጡት። ክፍሉን ሸምድዶት ከሆነ ማንም አይተካውም። ለዚህ መድኃኒቱ አቀራረቡ በቁልፍ ቃል ብቻ መያዙ ነው፦ በአንድ ካርድ ላይ ከስድስት ቃል አይበልጥም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ክልክል።

ወረቀቱ

የቋንቋ ዝግጅቱ ሳይጀመር የጉዞ ሰነዱ ይጀመር፤ ልጁን ከሁሉ በላይ የሚያስቀረው ይህ ነው። የሸንገን ቪዛ (ጀርመንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው) ማመልከቻ ከጉዞው በፊት ከ6 ወር ቀድሞ አይቀርብም፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው ነው። ቀጠሮ ግን ራሱ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል 15 ቀኑን አይመኑት። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ 3 ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው፣ ከ10 ዓመት ወዲህ የተሰጠ ይሁን። የጤና ኢንሹራንሱ ከ30,000 ዩሮ ያላነሰ ሽፋን ይፈልጋል። ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ አሻራ ይሰጣል።

ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሁለቱም ወላጆች ስምምነት ያስፈልገዋል፤ ውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ይሁን። ከወሳኝ ኩነት የሚወጣው የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ዛሬውኑ ያረጋግጡ፤ አያት ስም ላይ አንድ ፊደል ብትለያይ ማስተካከያው ከቪዛው በላይ ጊዜ ይወስዳል። አንዱ ወላጅ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው የሚመጣው ባለበት አገር ካለው ኤምባሲያችን ስለሆነ ያ ወረቀት ከሁሉ ቀድሞ ይላክ። የስምምነቱ ዋናው ቅጂ በሻንጣ ሳይሆን በመምህሩ የእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ፍራንክፈርት ላይ የድንበር ፖሊሱ የሚጠይቀው እሱን ነው።