ሶፍትዌሩ የሰማዩን አቅጣጫ «አላገኘሁም» ሲል

የደሴን ወይም የላሊበላን ሰማይ አንስታችሁ ምስሉን ሲሪል ወይም አስታፕ ላይ (የሰማይ ምስል የሚያቀናብሩ ፕሮግራሞች ናቸው) ከፈታችሁት እንበል። ሶፍትዌሩ ኮከቦቹን ከካታሎግ (ከኮከቦች ዝርዝር) ጋር እያስተያየ ምስሉ የትኛውን የሰማይ ክፍል እንደያዘ ያሰላል። ግን መነሻ ይፈልጋል፦ መሃሉ በግምት የት ነው? አንድ ፒክስል ስንት አርክሰከንድ (የዲግሪ 3600ኛ ክፍል) ይሸፍናል? ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

ኮከቦቹ ጥርት ብለዋል፣ ሶፍትዌሩ ግን እምቢ አለ። መጀመሪያ ስኬሉን፣ ማለትም አንድ ፒክስል የሚሸፍነውን አርክሰከንድ፣ ጠርጥሩ። የፒክስሉን መጠን በማይክሮን ውሰዱና በ206.265 አባዙ፤ ከዚያ በሌንሱ ፎካል ሌንግዝ በሚሊሜትር አካፍሉ። 4 ማይክሮን ፒክስልና 200 ሚሊሜትር ሌንስ ከሆነ 4.1 አርክሰከንድ ገደማ ይመጣል። ካሜራው 2 በ2 ቢን አድርጎ (አራት ፒክስል እንደ አንድ ቆጥሮ) ከነበረ ፒክስሉን 8 ማይክሮን ብላችሁ ጻፉ። ዙም ሌንስ ላይ ቀለበቱ የሚያሳየውን ቁጥር ብዙም አትመኑት።

ስኬሉ ልክ ነው፣ አሁንም እምቢ አለ። እኛ ዘንድ አንዱ ተጠርጣሪ ሰዓት ነው። «ያን ጊዜ አናቴ ላይ የነበረው ምንድን ነው?» ብላችሁ የመሃሉን ቁጥር (ኮኦርዲኔቱን) ሰማዩን በኮምፒውተር ከሚያሳየው ከስቴላሪየም ትወስዳላችሁ። ያነሳችሁት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ 3:00 ብላችሁ ጻፋችሁ። ስቴላሪየም ግን ይህን የሚያነበው ሌሊት 9 ሰዓት ብሎ ነው። በ6 ሰዓት ልዩነት ሰማዩ 90 ዲግሪ ያህል ዞሯል፤ በቃ፣ ሌላ ሰማይ ነው የሰጣችሁት። ትክክሉ 21:00 ነው፤ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ ሰዓት) ከተጠየቃችሁ ደግሞ 18:00። ዓመቱንም እዩ። ካሜራው በእኛ አቆጣጠር 2018 ከተባለ ኮከቦቹ ብዙም አይጎዱም፣ የፕላኔቶችና የአስትሮይዶች ስም ግን ያለቦታው ይለጠፋል። ከዚህ ሁሉ የሚገላግለው ያነሳችሁትን የኮከብ ወይም የኮከብ ክምችት ስም ፈልጎ ቁጥሩን መቅዳት ነው፤ እሱ በሰዓት አይቀየርም።

ቁጥሩን ቀድቻለሁ፣ አልሠራም። ወሎ ላይ ደቡቡ ሰማይ ደልቶናል፤ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የኮከብ ክምችት ከደሴ እስከ 31 ዲግሪ ከፍ ይላል። ዲክሊኔሽኑ (ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት) ግን −47.5 ነው፤ የመቀነስ ምልክቷን ከረሳችሁ ፍለጋው ሰሜን ሄዶ ይቀራል። ራይት አሴንሽኑም (በምሥራቅና ምዕራብ አቅጣጫ ያለው ቦታ፣ በሰዓት የሚጻፍ) 13 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው። ሳጥኑ ዲግሪ ከጠየቀ 13.45ን በ15 አባዝታችሁ 201.7 ገደማ አስገቡ እንጂ 13ን እንዳለ አትጻፉ።

ምስሉ ተገኘ፣ በእጅ የጻፍኩት ምልክት ግን ከቦታው ፈቀቅ ብሏል። የዛሬን ኮኦርዲኔት ጄ2000 (የ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኮኦርዲኔት) በሚጠብቅ ሳጥን አስገብታችኋል። የምድር ዘንግ አቅጣጫ ቀስ እያለ ስለሚዞር ልዩነቱ በዓመት 50 አርክሰከንድ ያህል ይጨምራል፤ እስካሁን የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሁለት ሦስተኛ አልፏል። ስቴላሪየም ሁለቱንም ያሳያል፣ ጄ2000 የሚለውን ውሰዱ።

ምስሉ የመስታወት ግልባጭ ሆኗል። ሲሪል ላይ አስፈላጊ ከሆነ ገልብጥ የምትለዋን ምርጫ አብሩ።

ጄፔግ አድርጌ ስከፍተው ሶፍትዌሩ ያገኘው የሰማይ ቁጥር የለም። ፊትስ (FITS፣ የሥነ ፈለክ ምስል ፋይል ዓይነት) አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ኔትወርክ ጠፋ። ሲሪል ካታሎጉን ከኢንተርኔት ሊጠይቅ ይችላል። አስታፕ ግን የኮከብ ዳታቤዙን ኮምፒውተራችሁ ላይ ይጭናል፤ መስመሩ ደህና በሆነ ቀን አውርዱት።