ጎንደር ላይ ትልቅ ሆቴል እራት ልትጋብዙ ነው? ይሉኝታችሁን ታች ትታችሁ ውጡ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ደወለና «አማቶቼን ትልቅ ሆቴል እራት ልጋብዝ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለውን ነገር እኔን የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ መጀመሪያ የጋበዝኩ ዕለት የሆንኩትን የማውቀው እኔው ነኛ።

የመጀመሪያ ደሞዜን ተቀብዬ እናቴንና ታላቅ እህቴን ይዤ ሄድኩ። የሆቴሉን ስም ተዉት። ሜኑው ላይ ያለውን ዋጋ በሆዴ ስደምር ቆየሁ፣ ኪሴ ውስጥ ያለው እንደሚበቃ አረጋገጥኩ፣ ከዚያ ደረቴን ነፍቼ አዘዝኩ። ቢሉ ሲመጣ ከደመርኩት በሩብ በልጦ መጣ። እህቴ በጠረጴዛው ሥር ብር አቀበለችኝ። እናቴ አይታለች። ግን እንዳላየች ሆና በመስኮት የፋሲልን ግንብ ስታይ ቆየች። ማንም አላታለለኝም፤ መጠየቅ አፍሬ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ፣ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰውን የሚያስከፍለው ምግቡ ብቻ ሳይሆን ይሉኝታውም ጭምር መሆኑ ነው። ለጓደኛዬ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ደውሉ። ጠረጴዛ ለማስያዝ ብቻ አይደለም። «በዚያ ቀን ሠርግ ወይም ስብሰባ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቺን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቃትም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ እሷ ነች። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው እየበላ ከሆነ ወጥ ቤቱ ለእናንተ አራት ሰዎች ጊዜ የለውም፤ አንድ ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ የሚመጣውም ከሠርጉ የተረፈ ሊመስል ይችላል። በተለይ ጥር የሠርግ ወር ነውና ቅዳሜና እሑድን ተጠንቀቁ። ተማሪ በሚመረቅበት ሰሞንም ያው ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ወላጅ ሁሉ ልጁን የሚጋብዝበት ቦታ ይፈልጋል። ከተራና ጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ከተማው ሞልቶ ይፈሳል፣ ቀደም ብሎ ያላስያዘ ሰው ቦታ አገኛለሁ ብሎ ባያስብ ይሻለዋል። አማቶቻችሁን ለመጋበዝ የግድ ጥምቀትን መምረጥ የለባችሁም። ማክሰኞ ማታ ጋብዟቸው፣ አስተናጋጁም ፊቱ ይፈታል።

ስትደውሉ ዶሮ ወጥ እንደምትፈልጉም ተናገሩ፣ የምትፈልጉ ከሆነ። ደህና ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ እናታችሁን ጠይቋት። ተቀምጣችሁ አዝዛችሁ በሃያ ደቂቃ ከመጣላችሁ ትናንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ደግሞ ወጥ ከርሞ ይጣፍጣል የሚል ሰው አለ፣ እኔም ከነሱ ነኝ፣ ግን ለአማት አይሆንም።

ሰዓቱ ላይ እንምጣ። ጎንደር ላይ ከፍ ያለ ቦታ የምትመርጡ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጎሃ ሆቴል ከተማውን ቁልቁል የሚያሳይ ኮረብታ ላይ ነው፣ የምትከፍሉት ለሳህኑ ብቻ ሳይሆን ለእይታውም ነው። ስሙ ጎህን ቢያስታውስም ሰው ወደዚያ የሚወጣው ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ነው። ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበር ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ሻይ ወይም ቢራ እየጠጣችሁ ጠብቁ፣ እራቱን ከዚያ በኋላ እዘዙ። አንድ ሰዓት ላይ በጨለማ ደርሶ «እይታው የታለ?» የሚል ሰው አይቻለሁ። ሌላው ነገር ብርድ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ነች፣ ፀሐይዋ ስትሄድ ሙቀቱንም ይዛው ነው የምትሄደው። እናንተ ጃኬት ያዙ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ይልበሱ። ጋቢ ለብሶ ትልቅ ሆቴል መግባት ነውር የሚመስለው ካለ፣ ነውሩ የሱ ነው። ሱፍና ከረባት ማንም አይጠይቃችሁም። ንጹህ ልብስና ንጹህ ጫማ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ጸብ የሚያመጣው ጉዳይ፦ ጾምና ሥጋ። ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በሁዳዴው 55 ቀን የምትጋብዙ ከሆነ «የጾም አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። አለ ይሏችኋል። በያይነቱና ሽሮው ጾም ነው፣ ችግር የለውም። ችግሩ ከፈረንጅ ሜኑው ስታዙ ነው። የአትክልት ሾርባ ተብሎ በሥጋ መረቅ ሊሠራ ይችላል፣ ክሬም ሊገባበት ይችላል፣ ሩዙ በቅቤ ሊታሽ ይችላል፣ ዳቦው ወተት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ «ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ የሥጋ መረቅ የለበትም?» ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። አስተናጋጁ «አይመስለኝም» ካለ «እባክህ ወንድሜ ወጥ ቤት ጠይቅልኝ» በሉት። የዓሣን ነገር እንግዶቻችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ እዚያ ተቀምጣችሁ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር አትክፈቱ። እራቱ ሲያልቅ ክርክሩ አያልቅም።

ሙስሊም ወዳጅ የምትጋብዙ ከሆነም እንዲሁ። ሥጋው የክርስቲያን ነው የሙስሊም ብላችሁ ስትደውሉ ጠይቁ፣ እዚያ ደርሶ እንግዳን ማሳቀቅ ምን ያደርጋል? ካልተመቸ ዓሣ ወይም አትክልት እንዳለ አረጋግጡ። ያን ዕለት እናንተም አብራችሁ ዓሣ ብትበሉ ነገሩ ያምራል። ዓሣው ደግሞ ጣና ቅርባችን ነው፣ ጎርጎራ እኮ ደጃችን ናት። ቀረሶ ነው አምባዛ፣ ሙሉውን ነው ወይስ ተቆርጦ፣ ጉላሽ ነው ኮተሌት፣ ዛሬ የገባ ነው ወይስ ፍሪጅ ያደረ፣ ይህን ሁሉ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ዓሣ የማይጠየቅበት ቤት ዓሣ አይበላም፣ የእኔ ሕግ ይኸው ነው።

ሜኑው ሲመጣ አትደንግጡ። ብዙው ነገር የምታውቁት ነው፣ ስሙ ነው የረዘመው። የማታውቁት ካለ በጣት ጠቁሙና «ይሄ ምንድን ነው? ምን ያህል ነው? ለሁለት ሰው ይበቃል?» በሉ። ሦስተኛዋን አትርሷት። ጥብስና ክትፎ አንዳንዱ ቤት ለሁለት የሚበቃ ይመጣል፣ ስቴኩ ደግሞ ሳህኑ ሰፊ ሥጋው ግን መዳፍ የምታህል ሆኖ ቁጭ ይላል። ሥጋ ስታዙ አበሳሰሉን ራሳችሁ ተናገሩ። ለክትፎ ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይም የበሰለ እንደምንለው ስቴክም የራሱ ደረጃ አለው፤ መሐሉ ቀይ፣ መሐሉ ሮዝ፣ ወይም በደንብ የበሰለ። ዝም ካላችሁ አስተናጋጁ በፈረንጅ አፍ ይጠይቃችኋል፣ እናንተም ያልገባችሁን ነገር «እሺ» ትላላችሁ፣ ከዚያ ደም ያለበት ሥጋ መጥቶ እማማ «ይሄስ ገና አልሞተም» ይላሉ። በአማርኛ «በደንብ ይብሰልልኝ» ማለት ማንንም አያሳፍርም።

የእኔ ምክር፣ ለሽማግሌ እንግዶች ከሜኑው የአገር ቤቱን፣ ለወጣቶቹ ደግሞ አንድ ሁለት የሚሞክሩት ነገር አድርጋችሁ መሐል ላይ ተካፈሉ። ሁሉም ሰው ለየብቻው ሳህን ታቅፎ መብላቱ ለኛ ሰው አይመችም። አባባ ላዛኛ ፊት ቁጭ ብለው ሹካዋን ሲያገላብጡ ማየት ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ስለ ሹካና ቢላ ብዙ ሰው ይጨነቃል። አጭር ነው። ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ። ብዙ ከተደረደረ ከውጭ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ። ስትጨርሱ ሁለቱን ጎን ለጎን አጋድማችሁ ሳህኑ ላይ አስቀምጡ፣ ጨርሻለሁ ማለት ነው፤ ገና ከሆናችሁ ለያይታችሁ አስቀምጧቸው። የጨርቁ ናፕኪን ጭን ላይ ነው። እንጀራ ከሆነ ደግሞ እጃችሁን ታጥባችሁ በእጅ ብሉ፣ ጉርሻም ተጎራረሱ። እንጀራ በሹካ የሚበላ ሰው ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። ግብር ሲበላበት የኖረ ከተማ ውስጥ ነን እኮ! ፋሲል ግቢ ገብታችሁ የዐፄ በካፋን የግብር አዳራሽ እዩት፣ ርዝመቱ ራሱ ይናገራል። አሳላፊና አጋፋሪ የሚሉት ቃላት ከየት የመጡ ይመስላችኋል? የገበታ ሥርዓት ከሆቴል አልተማርንም። ብቻ አንድ ነገር፣ አስተናጋጅ ለመጥራት አታጨብጭቡ። ዓይኑን እዩትና እጃችሁን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ሠፈር ያለው ግሮሰሪ ውስጥ ይቻላል፣ እዚህ ግን ሰው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል።

መጠጡ ላይ ቢሉ ሳታውቁት ያብጣል። ውሃ እንኳ ስታዙ የትኛውን እንደሆነ ተናገሩ፣ ካልተናገራችሁ ውድ የሆነው ሊመጣ ይችላል። ቢራ ከሆነ ዳሽን እዚሁ ጎንደር የሚጠመቅ የቤት ልጅ ነው። ወይን ካማራችሁ የውጭውን ከማዘዛችሁ በፊት ከዝዋይ ወይን የሚጠመቁትን ሪፍት ቫሊንና አኬሺያን ጠይቁ። አኬሺያ ለስለስ ያለና ጣፋጭነት ያለው ስለሆነ ወይን ለማያዘወትር ሰው ይሻላል፣ ሪፍት ቫሊ ቀዩ ደግሞ ከጥብስ ጋር ይሄዳል። በብርጭቆ ነው በጠርሙስ፣ ዋጋውን ለዩ። ከቤት ጠርሙስ ይዛችሁ ልትሄዱ ከሆነ መክፈቻ ያስከፍሉ እንደሆነ ስትደውሉ አረጋግጡ። ቡናም እንዲሁ፣ ከጭሱና ከፈንዲሻው ጋር ተፈልቶ ሲቀርብ ግብዣ ነው ወይስ በሲኒ ይታሰባል? ጠይቁ። አይነክስም።

አሁን ወደ እኔ ቁስል። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች ነገር አለች፣ ወይም ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ታያላችሁ። ትርጉሟ ይህ ነው፦ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። በላዩ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ 15 በመቶ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ታክሱ የሚሰላው አገልግሎቱ ከተደመረ በኋላ ነው። ስለዚህ የ1000 ብር ምግብ መጀመሪያ 1100 ይሆናል፣ ከዚያ 15 በመቶ ሲጨመርበት 1265 ብር። 25 በመቶ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እዚያችው ላይ 15 ብር ይጎድለዋል። እኔ አሁን የማደርገው፣ ሜኑው ላይ ያለውን ደምሬ ሩቡን እጨምርና ትንሽ መጠባበቂያ እይዛለሁ። «ዋጋው ታክስን ያካትታል?» ብሎ መጠየቅም አለ፣ ከማዘዝ በፊት እንጂ ከበሉ በኋላ ጥያቄው አቤቱታ ይሆናል።

ቢሉ ሲመጣ አንብቡት። አንብቡት ስል ከላይ እስከ ታች ማለቴ ነው፤ ያላዘዛችሁት ውሃ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰላጣ፣ ይህ ነገር በክፋት ሳይሆን በግርግር ይመጣል። በቴሌብር ወይም በካርድ የምትከፍሉ ከሆነ እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ኔትወርክ ጠፋ ከተባለ ደግሞ የተወሰነ ጥሬ ገንዘብ ኪሳችሁ ይኑር። የታክስ ደረሰኝም ተቀበሉ። አማቶች ፊት ቢል መፈተሽ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ መላው ቀላል ነው፤ እጅ ልታጠብ ብላችሁ ተነሡና ካሸሪው ጋ ሄዳችሁ እዚያው ጨርሱት። ደግሞ «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ» የሚለው ትግል ሳይጀመር ያልቃል። አባባ ኪሳቸውን ሲዳብሱ እናንተ ከፍላችሁ ተመልሳችኋል።

ለአስተናጋጁ የሚሰጠውም ጉርሻ ነው የሚባለው፣ ቃሉ እንዴት እንደሚያምር አያችሁ? የአገልግሎት 10 በመቶ ከተቆረጠ ግዴታ የለባችሁም። ግን ወጥ ቤት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ቅቤ አለው የለውም ብሎ የጠየቀላችሁን ልጅ በባዶ እጅ አትሸኙት። በእጁ ስጡት።

የተረፈውን አስጠቅልሉ። ከፍላችሁበታል። እዚህ ላይ ይሉኝታ እንደገና ብቅ ይላል፣ «ምን ይሉናል» ይላል። ምንም አይሉም፣ ዕቃ አምጥተው ይጠቀልሉላችኋል። ኮረብታ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ያወጣችሁን የባጃጅ ልጅ ስልክ ተቀበሉት፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣና መመለሻው ስንት እንደሆነ ሳትወርዱ ተስማሙ። ማታ ላይ እዚያ ከፍታ ባጃጅ ሲያልፍ መጠበቅ ከአሮጊት ጋር አይሆንም።

ጓደኛዬ በማግሥቱ ደወለ። ሁሉም ነገር ተሳክቷል። አማቱ ብቻ፣ ምግቡ እንደቀረበ፣ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ዞረው ለማያውቋቸው ፈረንጆች ጮክ ብለው «እንብላ!» አሉ። ፈረንጆቹ ምን እንደተባሉ አልገባቸውም። ብርጭቆ አነሡላቸው። አባባም ግራ ገብቷቸው ብርጭቆ አነሡ።