የቤንዚን ሣር ማጨጃ አያያዝ፣ ሲበላሽም የፍተሻው ቅደም ተከተል

በትከሻ ተንጠልጥሎ፣ በረጅም ዘንጉ ጫፍ በሚሽከረከር ቢላዋ ወይም የናይለን ክር ሣርና ቁጥቋጦ የሚያጭደው የቤንዚን ማሽን በአገራችን ዋናው የሥራ ወቅቱ ክረምት ነው። በጋውን ዕቃ ቤት ከርሞ ሰኔ ላይ ሲፈለግ ግን ገመዱ ቢሳብ ቢሳብ አይነሣም፤ ባለቤቱም ካቻቢቴ አንሥቶ በቀጥታ ወደ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀልበት ክፍል) ያመራል። ችግሩ ከከረመ ቤንዚን፣ ከቆሸሸ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ ከሚያቀጣጥለው ዕቃ) ወይም ከተደፈነ ፊልትሮ የመነጨ ሊሆን ስለሚችል፣ ካርቡሬተሩ መነካት ያለበት ሌላው ሁሉ ከተፈተሸ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩ ባለ ሁለት ስትሮክ ይሁን ባለ አራት ይለዩ። ለብቻው የዘይት መሙያ ክዳን ካለው ባለ አራት ነው፤ ዘይቱ በቦታው ይሞላል፣ ቤንዚኑ ሳይቀላቀል ይጨመራል። ባለ ሁለት ስትሮክ ከሆነ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር መቀላቀል አለበት። መጠኑ በማሽኑ መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው፦ 50 ለ 1 ከተባለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ 1 ከተባለ ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል። በዓይን ግምት ከመጨመር ከፋርማሲ በሚገዛ ሲሪንጅ መለካት ይሻላል። ድብልቁ በማሽኑ ታንክ ውስጥ ሳይሆን በሌላ ንጹሕ ዕቃ ተዘጋጅቶ በደንብ ይናጥ። ለመኪና ሞተር የተሠራ ዘይት ርካሽ ቢመስልም በአግባቡ ስለማይቃጠል ካንዴላውንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በጥላሸት ይሞላል፤ ለባለ ሁለት ስትሮክ ተብሎ የተሠራውን ይግዙ።

ማሽኑን ከመንካትዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ የካንዴላውን ቆብም ይንቀሉ። ከእያንዳንዱ የሥራ ቀን በኋላ በሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀውን ሣር በብሩሽ ያውጡ፤ አየር ያጣ ሞተር ግሎ ፒስቶኑ ሊነክስ (ተጣብቆ ሊቆም) ይችላል። የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ፈጽሞ ደርቆ ይመለስ። በየ20 እስከ 25 የሥራ ሰዓቱ በቢላዋው በኩል ባለው የማርሽ ቤት ውስጥ ግራሶ ይጨምሩ። የቢላዋው ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ የግራ ስለሆነ የሚፈታው እንደ ሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ነው፤ ይህን ሳያውቁ በጉልበት ታግለው ዳዶውን የሚያበላሹ ብዙዎች ናቸው።

አልነሣ ካለ የከረመውን ቤንዚን አፍስሰው አዲስ ድብልቅ ይሙሉ፤ ከአንድ ወር በላይ የቆየ ቤንዚን አይታመንም። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትተው ያንብቡት። ቀለሙ ቀላ ያለ ቡና ከሆነ ጤናማ ነው። ጥቁርና ቅባታም ከሆነ ዘይቱ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ ነጣ ካለ ደግሞ ነዳጅ አንሶት እየጋለ ነው። በቤንዚን ርሶ ከተገኘ ሞተሩ ታፍኗልና ካንዴላውን ያድርቁ፣ ቀዳዳው ክፍት እንደሆነ ገመዱን ደጋግመው ይሳቡ፣ ከዚያ ካንዴላውን መልሰው ቾኩን (የአየር መዝጊያውን) ከፍተው ያስነሡ። ገመዱ ብዙ ጊዜ ከተሳበ በኋላም ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ነዳጁ አልደረሰም ማለት ነው፤ በታንኩ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ፊልትሮና የተሰነጠቀ ቱቦ ካለ ይመልከቱ።

ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ የታንኩን ክዳን ላላ አድርገው ይሞክሩ፤ በዚህ ከተስተካከለ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ሥራ ላይ ጉልበት ካጣ የማርሚታውን ወንፊት ከጥላሸት ያጽዱ። እዚህ ላይ ከፍታም መታሰብ አለበት፦ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ነዳጅ ያበዛል፣ ጭሱም ይጠቁራል። የካርቡሬተሩ ማስተካከያ ለባለሙያ መሰጠት የሚገባውም ለዚህ ነው፤ ነዳጁን ከልክ በላይ የቀነሰ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል።

ነዳጅ መስጫው ተለቅቆም ቢላዋው መዞሩን ካላቆመ በማሽኑ አይሥሩ። የዝግታ ፍጥነቱን (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን) ብሎን በጥቂቱ ይቀንሱ፤ አሁንም ከዞረ የፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከቢላዋው የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) ሞላ ሳይሰበር አይቀርም፣ ይቀየር።

ክረምቱ ሲያልፍ ታንኩን ያራግፉ፣ ሞተሩን አስነሥተው በውስጡ የቀረው ነዳጅ አልቆ እስኪጠፋ ይተዉት። ሲቀዘቅዝ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብታ አድርገው ገመዱን ቀስ ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳቡ፤ ካንዴላውን መልሰው ይግጠሙና ማሽኑን ከእሳት በራቀ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።