በየደቂቃው «ቀጭ» የሚል የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ መፍትሔው

ላፕቶፑ ያለሥራ ተቀምጦ ሃርድ ዲስኩ በየደቂቃው «ቀጭ» ይል ነበር፤ ቀጥሎ የሚከፈት ፋይልም ለአፍታ ይዘገያል። ምክንያቱ ኤፒኤም የሚባለው ኃይል ቆጣቢ ቅንብር ነው፤ የንባብ ጭንቅላቱን መረጃው ከተጻፈበት ሳህን ላይ ቶሎ ቶሎ አንስቶ ማረፊያው ላይ ያስቀምጠዋል።

የዲስክን ጤንነት የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ከፍታችሁ ሲ1 የሚለውን መስመር ተመልከቱ፤ የምልልሱ ብዛት፣ ማለትም ጭንቅላቱ ስንት ጊዜ ወደ ማረፊያው ሄዶ እንደተመለሰ፣ እዚያ አለ። ቁጥሩ የሚነበብ እንዲሆን መጀመሪያ አቆጣጠሩን ወደ አስርዮሽ ቀይሩት። ብዙ የላፕቶፕ ዲስኮች የሚሠሩት ለ300,000 ወይም ለ600,000 ምልልስ ነው። በሰዓት 60 ጊዜ ከተመላለሰ 300,000ው በ5,000 ሰዓት ያልቃል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ ሁለት ዓመት አይሞላም።

በዚያው ፕሮግራም ኤፒኤምን 254 (በሄክስ አጻጻፍ ኤፍኢ) ሲያደርጉት ድምፁ ይቆማል። 128 ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሞተሩ እንዳይቆም ያደርጋል እንጂ ጭንቅላቱ መመላለሱን ሊቀጥል ይችላል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቅንብሩ ስለሚረሳ ፕሮግራሙ ከዊንዶውስ ጋር እንዲነሳና ኤፒኤምን ራሱ እንዲመልስ ምረጡ። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥም ሃርድ ዲስኩ የሚጠፋበትን ደቂቃ 0 አድርጉት።

አደራ፣ ከዚህ በኋላ ጭንቅላቱ ሳህኑ ላይ ይቆያል፤ የበራ ላፕቶፕ ይዛችሁ አትንቀሳቀሱ፣ መጀመሪያ ስሊፕ አድርጉት ወይም አጥፉት።